ጨዋነት በየዕለቱ፦ ጆሮ ለሚበሳ ባለሙያ ጉርሻ ይሰጣልን?

ጉርሻ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገር ይገልጻል። አንደኛው ከማዕድ ላይ በእጃችን ጠቅልለን ለወዳጅ የምናጎርሰው እንጀራ ነው፤ ሁለተኛው አገልግሎት ለሰጠን ሰው ከዋጋው በላይ የምንጨምርለት ገንዘብ ነው። ሁለቱም አንድ ጠባይ አላቸው። ጉርሻ በምግቡ ላይ የሚጨመር ነው እንጂ ምግቡን የሚተካ አይደለም፤ በፈቃድ የሚሰጥ ነው እንጂ በግድ የሚጠየቅ አይደለም።

ለሆቴል አሳላፊ፥ ለፀጉር አስተካካይ ወይም ሻንጣ ለሚሸከም ሰው ምን ያህል እንደሚሰጥ ከተማ ያደገ ወጣት ሁሉ በልማድ ያውቀዋል። ጆሮውን፥ አፍንጫውን ወይም እንብርቱን ሊበሳ የገባ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ግራ ይጋባል። ባለሙያው እንደ ሐኪም ነው የሚቆጠረው ወይስ እንደ ፀጉር ሠሪ? ቢሰጡት እንደ መናቅ ይቆጥረዋልን? ባይሰጡትስ ይቀየማልን?

ነገሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ ከበስተኋላው ይሉኝታ የሚባል ትልቅ ጌታ ቆሟል። ይሉኝታ የያዘው ወጣት በሁለት መንገድ ይጎዳል። አንደኛ፥ «ምን ይለኛል» ብሎ የወር ቀለቡን የሚነካ ገንዘብ ያወጣል። ሁለተኛ፥ ይህም የባሰው ነው፥ መርፌው ንጹሕ መሆኑን ለመጠየቅ አፍሮ ዝም ይላል። እንግዲህ የጉርሻውን ሥርዓት አስቀድሞ ማወቅ የሚጠቅመው ኪስን ለመጠበቅ ብቻ ሳይሆን ገላንም ለመጠበቅ ነው።

ለትምህርት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ አንባቢዎቻችን ብዙዎች ስለ ሆኑ ከዚያ እንጀምር። በአሜሪካ ገላ ለሚበሳ ባለሙያ ጉርሻ መስጠት የታወቀ ልማድ ነው፤ መጠኑም አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 15 እስከ 20 ነው። ምክንያቱም አለው። ከባለሙያዎቹ አንዳንዶቹ በሰዓት ይከፈላቸዋል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከሥራው ዋጋ ላይ ድርሻ እንጂ ቁርጥ ያለ ደመወዝ የላቸውም። ስለዚህ ጉርሻው ከገቢያቸው ውስጥ የሚታሰብ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገሩ የግብር ሕግ፥ በልማድ ጉርሻ የሚቀበሉ ሠራተኞች በዓመት እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ጉርሻ ከሚገበርበት ገቢያቸው እንዲቀነስላቸው ፈቅዷል። የአገሩ የገንዘብ ሚኒስቴር ለዚሁ ሕግ በዘረዘራቸው ሙያዎች ውስጥ ነቃሾችና ገላ የሚበሱ ባለሙያዎች ከፀጉር ሠሪዎች ጋር አብረው ተቆጥረዋል።

ከመቶ 20 ሲባል ከየትኛው ገንዘብ ላይ ነው? ሒሳቡ ብዙ ጊዜ ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው የመብሳቱ ሥራ ዋጋ፥ ሁለተኛው የጌጡ ዋጋ ነው። ለምሳሌ ሥራው 40 ዶላር፥ ጌጡ 60 ዶላር ነው እንበል። በጠቅላላው ላይ ከመቶ 20 ቢታሰብ ጉርሻው 20 ዶላር ይሆናል፤ በሥራው ዋጋ ላይ ብቻ ቢታሰብ ግን 8 ዶላር ነው። በጠቅላላው ላይ የሚያስቡ ደንበኞች ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ጌጡ ውድ ወርቅ በሆነ ጊዜ በሥራው ላይ ብቻ ማሰብ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ርካሽ ጌጥም ሆነ ውድ ጌጥ የባለሙያውን እጅ የሚያደክመው በአንድ ዓይነት ነውና። ተማሪ የሆነ ሰው ይህን ሒሳብ ከቤቱ ሳይወጣ ሠርቶ፥ ጉርሻውንም ከዋጋው ጋር ደምሮ መያዝ ይገባዋል።

ጊዜውም የራሱ ወግ አለው። ጉርሻ የሚሰጠው ሥራው አልቆ፥ ቁስሉ ተጠርጎና ባለሙያው ጓንቱን አውልቆ ሲያበቃ ነው። ጓንት ላጠለቀ እጅ ብር መዘርጋት ጨዋነት መስሎ የሚታይ ስሕተት ነው። የገንዘብ ኖት ስንት እጅ ዞሮ እንደ መጣ አይታወቅም፤ ያ ጓንት ደግሞ የተበሳን ገላ የሚነካ ነው። ጥሩ ባለሙያ ገንዘቡን ቢነካ ጓንቱን ይለውጣል፤ ካልለወጠ ግን ደንበኛው በገዛ ገንዘቡ ቆሻሻ ገዛ ማለት ነው። ስለዚህ ሒሳብ በሚከፈልበት ስፍራ፥ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ከሚል ቃል ጋር መስጠት ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጉርሻ ንጽሕናን አይገዛም። ንጹሕ መርፌ ከዋጋው ውስጥ ያለ የደንበኛው መብት ነው፤ ለዚያ ተብሎ ሳንቲም አይጨመርም። በአሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ገላ የሚበሱ ባለሙያዎች ማኅበር ከሚያስተምራቸው ነገሮች ዋነኛው ይኸው ነው። መርፌው ለአንድ ሰው ብቻ የሚያገለግል፥ ከታሸገበት በደንበኛው ፊት የሚወጣ፥ ከሥራውም በኋላ የሚጣል መሆን አለበት። ተመልሶ የሚሠራበት መሣሪያ በአውቶክላቭ፥ ማለት በግፊት በታመቀ እንፋሎት መጽዳት አለበት። በየሱቁ የምናየው በሽጉጥ መልክ የተሠራው መብሻ አብዛኛውን ጊዜ ከፕላስቲክ የተሠራ ስለ ሆነ በዚህ መንገድ ሊጸዳ አይችልም። ባልጸዳ መርፌ ሄፓታይተስ ቢና ሲ የተባሉት የጉበት በሽታዎች፥ ኤች.አይ.ቪ.ም ጭምር ከሰው ወደ ሰው ሊተላለፉ ይችላሉ። «ይህ መርፌ አዲስ ነውን? ሲከፈት ላየው እችላለሁን?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሩ ባለሙያ ይህን ጥያቄ ሲሰማ ደስ ይለዋል። የተቆጣ እንደ ሆነ ግን አመስግኖ መውጣት ነው፤ ለዚያ ቤት ዋጋውም ጉርሻውም አይገባውም።

ተመልሶ የመሄድም ነገር አለ። የጆሮ ጫፍ በደኅና ቀን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይድናል፤ የላይኛው የጆሮ ክፍል ግን ብዙ ወር፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ ዓመት ይቆያል። መጀመሪያ የሚገባው ጌጥ ለእብጠቱ ቦታ እንዲኖር ረዘም ያለ ስለሚሆን፥ እብጠቱ ሲጎድል በአጭር ይለወጣል። ብዙ ቤቶች ይህን በነጻ ወይም በጥቂት ዋጋ ይሠራሉ። እንደዚህ ባለ ጊዜ ሥራው ነጻ ነው ተብሎ ባዶ እጅ ከመውጣት ጥቂት ዶላር መተው ያስመሰግናል። ባለሙያው ቀዳዳውን አጣሞ እንደገና የበሳ እንደ ሆነ ግን ለጥፋቱ ማረሚያ ጉርሻ መስጠት ግዴታ አይደለም። ሳይቆጡ ማስረዳት ይበቃል።

ይህ ሁሉ የአሜሪካ ወግ ነው እንጂ የዓለም ሕግ አይደለም። በጃፓን ለምሳሌ ጉርሻ የመስጠት ልማድ የለም፤ ገንዘብ ጨምሮ የሚተው እንግዳ ቢኖር ረስቶት የሄደ መስሏቸው ተከትለው ሊመልሱለት ይችላሉ። በየአገሩ ከመግባት በፊት ልማዱን መጠየቅ የእንግዳ ወግ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ሴት ልጅ ገና ሕፃን ሳለች ጆሮዋን መበሳት የቆየ ልማድ ነው። የሰፈር ባልቴት በመርፌና በክር በምትበሳበት ቤት የጉርሻ ሒሳብ አይታሰብም፤ ውለታው በጉርብትና ይመለሳል። ዛሬ በከተማ ሥራው በግል ክሊኒክ፥ በወርቅ ቤትና በውበት ሳሎንም ይሠራል። በእነዚህ ስፍራዎች ከመቶ ይህን ያህል የሚል የተቆረጠ ልማድ የለንም፤ ደስ ያለው ሰው የተረፈውን መልስ ይተዋል፤ ያልቻለም አመስግኖ ይሄዳል። በማዕድ ላይ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ በሳሎን ግን አንዱም ቢሆን በፈቃድ ነው።

አንድ ስፍራ ግን በጥብቅ መለየት አለበት። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ደመወዟን ከሕዝብ ታገኛለች። ለእርሷ «ለሻይ» ተብሎ የሚዘረጋ ብር፥ ሰጪው በቅን ልብ ቢሰጠውም፥ ከጉርሻ ወደ ጉቦ የሚሻገርበት ድልድይ ቅርብ ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ምክንያት የማይገባ ጥቅም እንዳይቀበል የሚከለክል ነው። ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ባለጉዳይ የሚያስተናግድ ወጣት ጸሐፊም ይህን ለራሱ ሊያስበው ይገባል። መለያው ቀላል ነው፤ ገንዘቡ ባይሰጥ ኖሮ ሥራው ይዘገይ ነበርን? በሰልፉ ላይ ከኋላ የቆመው ድኻስ በዚህ ምክንያት ይጉላላልን? መልሱ አዎን ከሆነ ያ ጉርሻ አይደለም። ነርሷን ማመስገን የፈለገ ሰው በቃሉ ያመስግናት፤ በአስተያየት መስጫውም መልካም ሥራዋን ይጻፍላት።

ኪሱ የሳሳ አንባቢያችን እንዲህ ቢያደርግ ይበጀዋል። ለጉርሻ ብሎ ርካሽና ያልጸዳ ቤት አይምረጥ፤ ንጹሕ ቤት ለመግባት ገንዘቡ ካልበቃው አንድ ወር ይቆይ፤ ጆሮው የትም አይሄድበትም። ዋጋውን፥ የጌጡን ዓይነትና የመርፌውን ንጽሕና ከመበሳቱ በፊት ይጠይቅ፤ የቻለውን ያህል ደግሞ ከተበሳ በኋላ ይስጥ። በሠለጠነ እጅ የተሠራለት ሰው ለጓደኞቹ ቤቱን ቢጠቁም፥ ቁስሉንም እንደ ተነገረው በንጹሕ የጨው ውሃ እያጠበ ቢጠብቅ፥ ባለሙያው ይህን ከጥቂት ብር አሳንሶ አያየውም።