ሽሮው ስንት ግራም ነው?

በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሰሚትና በአያት ሱፐርማርኬቶች በሙቅ ውኃ ተበጥብጠው የሚጠጡ ሾርባዎችና የፕሮቲን ዱቄቶች በየመደርደሪያው ይታያሉ። የሚፈልጓቸው ክብደት የሚያነሡ ወጣቶች ብቻ አይደሉም። ከሥራ መልስ መንገድ ላይ ተዳክሞ ቤቱ የሚገባ ሠራተኛ፣ ምግብ አልበላ ያላቸውን እናቱን የሚያስታምም ልጅ፣ በጾም ወራት አቅሜ ደከመ ብሎ የሚሰጋ ምእመን፣ ሁሉም ‹‹ፕሮቲን›› የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጣሳ አንሥቶ ያገላብጣል። ስጋታቸው መሠረት አለው። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ሪፖርት አንድ ጤነኛ አዋቂ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን 0.83 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ ይመክራሉ፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 50 ግራም መሆኑ ነው። ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ብዙ ባለሙያዎች ከዚህ ከፍ አድርገው ለኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ያስቀምጣሉ። ቁርሱን በሻይና በዳቦ፣ ምሳውን በቀጭን ወጥ የሚያልፍ የከተማ ሰው እዚህ ቁጥር ላይ ሳይደርስ ሊመሽበት ይችላል። ጉድለቱን ለመሙላት ግን ዓይናችንን መጀመሪያ የምንጥለው ከውጭ በመጣው ፓኬት ላይ መሆኑ ልክ አይመስለኝም። ሾርባዎቹን በግራምና በብር እናወዳድር ከተባለ፣ ከውድድሩ ያስቀረነው ሽሮ ከብዙዎቹ ይበልጣል።

ማወዳደሩ ከባድ አይደለም። ከፓኬቱ ጀርባ ያለውን ሰንጠረዥ ማየት፣ በአንድ ሳህን ስንት ግራም ፕሮቲን እንዳለ ማንበብ፣ ዋጋውን ለዚያ ቁጥር ማካፈል ይበቃል። ተራ የፓኬት ሾርባ፣ የዶሮ ይሁን የአትክልት፣ በአንድ ሳህን ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ግራም ፕሮቲን ብቻ ይይዛል። ዋናው ይዘቱ ስታርች፣ ጨውና ማጣፈጫ ነው፤ ዶሮው በሥዕሉ ላይ እንጂ በዱቄቱ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ጨው በቀን ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ለሚመከር ሰው ደግሞ የአንድ ሳህን የፓኬት ሾርባ ጨው ቀላል ድርሻ አይደለም፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ሊያስብበት ይገባል። በስሙ የፕሮቲን ሾርባ ተብሎ የሚሸጠው ከዚህ ይለያል፤ ከአኩሪ አተር፣ ከአተር ወይም ከወተት ተለይቶ የወጣ ፕሮቲን ስለሚጨመርበት ከ10 እስከ 20 ግራም ሊደርስ ይችላል። ከወተት የሚወጣው ዌይ የጾም አለመሆኑን የሚጾም ሰው ልብ ማለት አለበት። ዋጋው ደግሞ ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተሳሰረ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዶላር የሚገባ ዱቄት ይህን ሸክም በያንዳንዱ ማንኪያ ይዞ ይመጣል።

መረቅም እዚሁ ላይ መነሣት ያለበት ነው። ለታማሚ፣ ለአራስ፣ ለደከመ ሰው የአጥንት መረቅ መስጠት የቆየ ልማዳችን ነው፤ አሁን ደግሞ በመረቁ ውስጥ ያለው ዓይነት ፕሮቲን በዱቄት መልክ ኮላጅን ተብሎ በውድ ይሸጣል። መረቅ ያሞቃል፣ ፈሳሽ ይተካል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል። ከአጥንትና ከጅማት የሚወጣው ፕሮቲን ግን ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው ከማይችላቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ የሆነው ትሪፕቶፋን የለውም። ስለዚህ ኮላጅን ብቻውን የሰውነትን ፕሮቲን ሊተካ አይችልም፤ ፓኬቱ ላይ 10 ግራም ተብሎ ቢጻፍም ያ 10 ግራም ከእንቁላል ወይም ከሥጋው ከራሱ ከሚገኘው ጋር እኩል አይደለም። ጥሩ መረቅ የቀቀለ ሰው ሥጋውንም ለበሽተኛው አድቅቆ ይስጠው።

አሁን ወደ ሽሮ እንምጣ። ሽምብራ በ100 ግራም 20 ግራም ገደማ፣ አተርና ምስር 24 ግራም ገደማ፣ ባቄላ 26 ግራም ገደማ ፕሮቲን አላቸው። ቅመሙ ድርሻውን ጥቂት ስለሚቀንሰው ከነዚህ የተፈጨ ሽሮ 50 ግራም፣ ማለትም ለአንድ ሰው የሚበቃ ወፍራም ሽሮ፣ 10 ግራም ያህል ይሰጣል። ከ100 ግራም የጤፍ ዱቄት የሚወጣ እንጀራ ሌላ 10 ግራም ገደማ ይጨምርበታል። ሁለቱ ሲደመሩ የአንድ ሰው የቀን ፍላጎት አርባ በመቶ በአንድ ማዕድ ይሸፈናል፤ ውድ ከሆነው የፕሮቲን ሾርባ ጋር የሚወዳደር ነው። ሽሮ ደግሞ ፈጣን ምግብ ነው። እህሉ አስቀድሞ ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ከነቅመሙ ተፈጭቷል፤ ረጅሙ ሥራ ያለቀው ባልትና ቤቱ ወይም ወፍጮ ቤቱ ዘንድ ነው። ሚጥን ሽሮ ያለው ሰው የሚቀረው ውኃ አፍልቶ መበጥበጥና ማንተክተክ ብቻ ነው። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ዋሽንግተንና ወደ ዱባይ ከሚሄደው ሻንጣ ውስጥ ሽሮ የማይጠፋው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ የትም አገር ምድጃ ላይ ቶሎ ይደርሳል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ የጥራጥሬ ፕሮቲን ጎዶሎ ነው ይባላል። ለብቻው ከታየ እውነት ነው። ጥራጥሬ ሜቲዮኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ እህል ደግሞ ላይሲን ያንሰዋል። ነገር ግን ሽሮ ለብቻው የሚበላ ምግብ አይደለም። ሽሮው የእንጀራውን ላይሲን ይሞላል፣ እንጀራው የሽሮውን ሜቲዮኒን ይሞላል፤ ማዕዳችን ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ኖሯል። የጥራጥሬ ፕሮቲን ከእንቁላልና ከወተት ይልቅ በመጠኑ ያነሰ እንደሚፈጭ አልክድም፤ መልሱ መጠኑን ከፍ ማድረግ፣ በፍስክ ቀን ደግሞ እንቁላል መጨመር ነው። አንድ እንቁላል ከ5 እስከ 6 ግራም ይጨምራል። በጾም ቀን ምስር፣ ክክ፣ ፉል፣ ስልጆና እልበት አሉ። በውጭ አገር ከእንስሳት ነጻ ተብለው በውድ የሚሸጡት የፕሮቲን ዱቄቶች አብዛኞቹም ከአተርና ከአኩሪ አተር የሚወጡ ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፣ ራሴም እጋራዋለሁ። እየበላን ያለነው ሽሮ ይህ የተሰላው ሽሮ አይደለም። ምግብ ቤት የሚቀርበው ፈሰስ ሽሮ፣ በተለይ ለሁለትና ለሦስት ሰው በአንድ ትሪ ሲቀርብ፣ በውኃና በዘይት የተዘረጋ ነው፤ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ዱቄት 20 ግራም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ፕሮቲኑ 4 ግራም ነው፣ ከተራው የፓኬት ሾርባ ብዙም አይርቅም። ተጋቢኖ ከፈሰስ የሚለየው በጣዕም ብቻ አይደለም፤ በዱቄቱ መጠን፣ በዚህም በፕሮቲኑ ነው። ኑሮ ሲወደድ ሽሮው ይቀጥናል፣ ዘይቱም ሲወደድ ውኃው ይበዛል፤ ይህን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለ ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ሽሮ ይበልጣል ስል ወፍራሙን ነው። ለውጭ ዱቄት ከሚከፈለው ገንዘብ ጥቂቱ ድስቱ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ተጨማሪ ሽሮ ቢሆን ለቤተሰቡ ሁሉ ይደርሳል፤ የፕሮቲን ጣሳው ግን የአንድ ሰው ነው።

ለአንዳንድ ሰው ግን የፕሮቲን ሾርባ እውነተኛ ጥቅም አለው። ጥርሱ የወለቀ አረጋዊ፣ ከቀዶ ሕክምና የሚያገግም ሰው፣ በሕመም የተነሣ ከጥቂት ጉርሻ በላይ የማይወርድለት በሽተኛ በትንሽ ሳህን ብዙ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። አንድ እንጀራ በሽሮ መጨረስ ለማይችል ሰው ስለ እንጀራና ሽሮ መደጋገፍ ማውራት አይጠቅመውም። ለእነዚህ ሰዎች 15 ግራም የያዘ አንድ ኩባያ ሾርባ ዋጋው ቢወደድም ያዋጣቸዋል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

የውጭው ፓኬት ሽሮን በአንድ ነገር ይበልጠዋል፤ በውስጡ ያለውን ጽፎ ይሸጣል። ብዙው ሽሮ ምንም ባልተጻፈበት ላስቲክ ነው የሚሸጠው። ሽምብራው ስንት እጅ ነው? ባቄላ አለበት? ጓያስ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ጓያ ርካሽና ድርቅ የሚችል ነው፤ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲበላ ግን እግርን ለዘለቄታው ያሽመደምዳል። እ.ኤ.አ. በ1997 በሰሜን ወሎ ደላንታ ዳውንት በድርቅ ዘመን የደረሰው ወረርሽኝ ለብዙ ሰው አካል ጉዳት ምክንያት ሆኗል። ሽሮ እንዲረክስ ተብሎ ጓያ ሲቀላቀልበት የሚያውቀው የቀላቀለው ብቻ ነው። ምንጩን የሚያውቀው ገዢ ወደ ታመነ ባልትና ይሄዳል፤ ሌላው ግን በዋጋ ብቻ ይገዛል፣ በዋጋ የሚገዛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፕሮቲኑን በብርቱ የሚፈልገው ነው።

ይህን ለማስተካከል እውቀት አልጎደለንም። እ.ኤ.አ. በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል፣ ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው፣ እህልን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት አዋሕዶ ፋፋን አስገኝቷል፤ የአገራችንን ምግቦች ይዘት የሚያሳይ ሰንጠረዥም እ.ኤ.አ. በ1968 ታትሟል። ያ ሥራ ዛሬ በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ ቀጥሏል። የቢሾፍቱ የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው እንደ አረርቲ ያሉ የሽምብራ ዝርያዎች ከአዲስ አበባ ምሥራቅ ባሉት በአድአና በምንጃር ማሳዎች ይበቅላሉ። ጥሬው፣ ሰንጠረዡና ባለሙያው እዚሁ ናቸው። የጎደለው ሽሮው ከረጢት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነው፤ የትኞቹ እህሎች በስንት እጅ እንዳሉበት፣ ጓያ እንደሌለበት፣ በ100 ግራም ስንት ግራም ፕሮቲን እንዳለው፣ ለአንድ ሰው ስንት ማንኪያ እንደሚበቃ የሚናገር። የፕሮቲን መጠን የሚለካበት ዘዴ በየምግብ ቤተ ሙከራው ያለ ነው፤ ሱፐርማርኬት ለማስገባት የሚያሽግ ባልትና አንድ ጊዜ አስለክቶ፣ የእህሉን መጠን እስካልለወጠ ድረስ ያንኑ ቁጥር ማተም ይችላል። ሱፐርማርኬቱም ሽሮውን ከፕሮቲን ጣሳዎቹ ጎን ቢያስቀምጠው፣ ገዢው ሁለቱን አገላብጦ ያነባል፤ ዋጋውን ለግራሙ አካፍሎም ይመርጣል።