የጠጪው ዕድሜና የቀጂዋ ዕድሜ

ከጥበብ ወዳጆች አንደበት ደጋግሜ የምሰማው አንድ እሮሮ አለ። «አንድ ጠርሙስ ልግዛ ብዬ ብገባ መታወቂያ አሳይ ተባልኩ!» የሚል። እሮሮው የሚቀርበው እንደ ግፍ ነው። ተናጋሪው ፊቱን ያጠቁራል፣ ጠረጴዛ ይመታል፤ አድማጮቹም «ወይ ዘመን!» እያሉ ያጅቡታል። ከዚያም ወሬው ያለ አንዳች ድልድይ ወደ ሥነ ጽሑፍ ይሻገራል። ጠጅ ቤት የቅኔ ማኅደር እንደ ነበረ፣ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በሰምና ወርቅ የለበጠውን ነቀፌታ የሚወረውረው በብርሌ መካከል እንደ ሆነ፣ ብርሌ ያልጨበጠ እጅ ብዕርም እንደማይጨብጥ ይተረካል። ይህን የምጽፈው ከዚህ ጨዋታ ጋር ልጣላ ብዬ ነው። አስቀድሜ ላስታውቅ፤ እኔ መነኩሴ አይደለሁም። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከባንኩ መስኮት ስነሣ ድራፍቴን እጠጣለሁ፤ ግጥምም እሞክራለሁ። ጠቤ ከመጠጡ ጋር አይደለም።

ሕጉ አዲስ አይደለም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲወጣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ከለከለ። በዚያው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን፣ ከራዲዮና ከመንገድ ዳር ሰሌዳ እንዲወርድ ታዘዘ። ሁለተኛው ትእዛዝ ጊዜ አልፈጀም፤ ያ ሁሉ የቢራ ዘፈንና ጭፈራ ከመስኮታችን ጠፋ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቴሌቪዥን ጣቢያ አድራሻ አለው፣ ፈቃድ አለው፣ የሚጠየቅ ሥራ አስኪያጅ አለው፤ ሰሌዳም ከሩቅ ይታያል። የመጀመሪያው ትእዛዝ ግን በየመሸታ ቤቱ፣ በየግሮሰሪውና በየሱቁ አንድ ሰው የሌላውን ሰው ዓይን እያየ «ስንት ዓመትህ ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ የሚያስገድድ ነው። ከአዋጁ ገጽ ተነሥቶ እስከ ባንኮኒው ሲወርድ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ያሰበ ሰው ጥቂት ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

በቁጥሩ ላይ የሚቀልዱ አሉ፤ ቀልዳቸውም ፍሬ የለውም አልልም። በሕገ መንግሥቱ 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ይመርጣል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም 18 ዓመት የሞላቸው ወንድና ሴት እንዲጋቡ ይፈቅዳል። እንግዲህ የ19 ዓመት ሙሽራ ሚስት አግብቶ ጎጆ መውጣት ይችላል፤ ለሠርጉ የሚሆነውን ቢራ ግን ራሱ ሄዶ መግዛት አይችልም። ዕድሜው የደረሰ ሚዜ ይፈልግ! ያስቃል። ነገር ግን ጉበት የምርጫ ካርድ አይወስድም። ሰው ድምፁን ለመስጠት የሚበቃበት ዕድሜና ሰውነቱ መጠጥ የሚችልበት ዕድሜ እኩል ይሁኑ የሚል ሕግ በተፈጥሮም በነጋሪት ጋዜጣም አልታተመም። አሜሪካ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምራ ግዛቶቿን በመንገድ ሥራ በጀት እያስገደደች 21ን አጽንታለች፤ ጀርመን በበኩሏ ለቢራና ለወይን 16ን፣ ለጠንካራ መጠጥ 18ን መርጣለች። ቁጥሩ የየአገሩ ምርጫ ነው። የኛን እኔ ተቀብዬዋለሁ።

«ማስረጃ» የሚለውን ቃል ግን እንመርምረው፤ የዕለት እንጀራዬ ከእርሱ ጋር የተሳሰረ ነውና። ሂሳብ ሊከፍት የመጣ ደንበኛ መታወቂያውን በመስኮቱ ያሾልክልኛል፤ እኔም የልደት ቀኑን ወደ ኮምፒውተሩ እገለብጣለሁ። መስከረም 1 ቀን የተወለደው ሰው ብዛት ለጉድ ነው፤ የዚህ አገር እናቶች እንቁጣጣሽን ጠብቀው የሚወልዱ ይመስላል። ዕድሜም በአምስትና በዐሥር ቤት መቆም ይወዳል፤ ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት፣ አርባ። ይህ ውሸት አይደለም። እናት ልጇን የወለደችው «ደርግ በወደቀ ዓመት፣ ገብስ ሲያሸት» ነው፤ ይህ ደግሞ ከማንኛውም ማኅተም የበለጠ እውነት ነው። የቀበሌው ጸሐፊ ግን «ገብስ ሲያሸት» የሚል ሣጥን በቅጹ ላይ ስለሌለው መስከረም 1 ብሎ ይገላገላል።

በመዝገብ ረገድ ታሪካችን አሳፋሪ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ በዝርዝር ደንግጎ ሲያበቃ፣ በመጨረሻው በዚያው ሕግ ሥራ ላይ እንዳይውል ታገደና ግማሽ ምዕተ ዓመት ተኛ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣም በኋላ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበላቸው 3 በመቶ ገደማ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። አስሉት። በዚያ ነሐሴ ተወልዶ የተመዘገበ ጨቅላ 21 ዓመት የሚሞላው በነሐሴ 2029 ነው። እስከዚያ ድረስ በባንኮኒው ላይ የሚቀርበው «የዕድሜ ማስረጃ» በአብዛኛው ባለቤቱ ራሱ ለጸሐፊ የነገረው ቃል ነው፤ ቃሉ ወረቀት ለበሰ እንጂ አልተመረመረም። ፋይዳ መጥቷል ትሉኛላችሁ። መምጣቱ መልካም ነው፤ አሻራና የዓይን ብሌን መዝግቦ አንዱ ሰው ሁለት እንዳይሆን ይከለክላል። የልደት ቀኑን ግን የሚወርሰው ከዚያው ከአሮጌው ወረቀትና ከዚያው አንደበት ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ዘመን አቆጣጠር አለን። የሚሌኒየሙ ልጅ፣ ማለትም በ2000 ዓ.ም. የተወለደው፣ በ2018 ዓ.ም. ገና 18 ይሞላዋል። መታወቂያውን በፈረንጅ ቁጥር ላነበበ ሻጭ ግን ያው ልጅ 25 ያለፈው ጎልማሳ ነው። በአንድ ዓይን ጥቅሻ ሰባት ስምንት ዓመት! ከዚህ የተሻለ የዕድሜ ማራዘሚያ ፋርማሲ ውስጥም የለም።

ይህ ሁሉ ድክመት መጠየቅን ከንቱ ያደርገዋል ወይ? አያደርገውም። በብሪታንያ ብዙ መሸጫዎች ከ25 ዓመት በታች የሚመስለውን ሁሉ 18 መሙላቱን ያስመሰክራሉ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ፀጉራቸው ሸብቶ ሳለ መታወቂያ የተጠየቁበትን ቀን እየሳቁ ያወጉናል። እየሳቁ፤ ልብ በሉ። እኛ ዘንድ የሚያስቆጣበት ምክንያት ዕድሜ ማዕረግ ስለሆነ ይመስለኛል። «አንተ» እና «አንቱ» ተብሎ በተከፈለ ቋንቋ ውስጥ፣ ዕድሜን መጠየቅ ደረጃን መጠየቅ ነው። ጠያቂዋ በዕድሜም በኪስም ያነሰች ስትሆን ደግሞ ጥያቄው ድፍረት ይባላል። የእሮሮው ሥር ይህ ነው፤ የነፃነት ጉዳይ አይደለም።

የድሮ ሰዎች መታወቂያ ሳይኖራቸው የዕድሜ ድንበር ነበራቸው፤ ለልጅ ብርዝ፣ ለአዋቂ ጠጅ። ዛሬ ከዚያ ድንበር ምን ያህሉ ተረፈ? የስምንት ዓመት ልጁን ሁለት ባዶ ጠርሙስ አስይዞ «ቢራ ለውጠህ ና» ብሎ የሚልክ አባት በየሰፈሩ አለ፤ ሱቅ ጠባቂውም የማን ልጅ እንደ ሆነ ስለሚያውቅ ይሰጠዋል። ከጠላ ቤት ደጃፍ በእንጨት ጫፍ የተሰቀለው ጣሳም የማንንም ዕድሜ ጠይቆ አያውቅም። ስለዚህ ጥያቄው የሚነሣው የመስታወት በር ባለው ሱፐርማርኬትና ተቆጣጣሪ መጣ በተባለበት ሰሞን በግሮሰሪ ብቻ ነው።

በአንድ ግሮሰሪ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ስሙን አልጠራም፤ እንዲህ ያለው ቤት ብዙ ነውና። ሰዓቱ ከምሽቱ አራት አልፏል። አራት ወጣቶች ገብተው ቢራ አዘዙ። አስተናጋጇ ትሪዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ እንደ ጋሻ ይዛ «መታወቂያ ይዛችኋል? ጠይቂ ስለተባልኩ ነው» አለች፤ ድምፅዋ የይቅርታ ነበር። ሳቁ። አንደኛው ወደ ኋላ ተለጥጦ «አንቺ ራስሽ ስንት ዓመትሽ ነው?» ሲላት ሳቁ ወደ ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ተዛመተ። ባለቤቱ ከባንኮኒው ኋላ «ኧረ ቅጂላቸው!» አለ። ልጅቷ አልመለሰችም። አራቱን ጠርሙስ ከፍታ አቀረበች።

ልጁ ሊያላግጥ የወረወረው ጥያቄ በዚያ ምሽት ከተጠየቀው ሁሉ ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። ስንት ዓመቷ ነው? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለውን «ወጣት ሠራተኛ» ብሎ፣ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት ዕረፍትና በሕዝብ በዓል ቀን፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን ያግዳል። አስተውሉ፤ ሁለቱም አዋጆች የ2011 ልጆች ናቸው፤ በአንድ ዓመት የወጡ ወንድማማቾች። አንደኛው ጠጪው 21 መሙላቱን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ቀጂዋ 18 ሳይሞላት በዚያ ሰዓት እዚያ እንዳትገኝ ያዝዛል። በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በአንድ ሌሊት ሁለቱም ይሠራሉ ተብሎ ይጠበቃል። የምንሰማው ግን ስለ አንደኛው ብቻ ነው፤ የሚያማርር አንደበት ያለው ጠጪው ነውና።

ከገጠር በደላላ እጅ የመጣች፣ ከደመወዟ ይልቅ በጉርሻ የምትኖር፣ ማደሪያዋ እዚያው ከጓዳው ጀርባ የሆነች ልጅ የመንግሥትን ሕግ በሰከረ ሰው ፊት እንድታስከብር ተሾማለች። ፖሊስ ሽጉጥ፣ ዳኛ ካባ አለው። እርሷ ትሪ አላት። እምቢ ካለች ጉርሻው ይቀራል፤ ባለቤቱም ይቆጣል። እሺ ካለች ሕግ ተጣሰ፤ ተቆጣጣሪ ቢመጣ ጣት የሚቀሰረው ወደ እርሷ ነው። ከዚህ ቀጥሎ አንድ የግጥም ወዳጅ ተነሥቶ «መታወቂያ ጠየቀችኝ» እያለ ሙሾ ሲያወርድ ምን ልበለው?

የግጥም ወዳጆች፣ እኛው ነን ያለነው፤ እንነጋገር። በስንት ግጥማችን «ቅጂልኝ» ብለናል! ቀጂዋ ስም የላትም፤ ዓይንና ወገብ ብቻ አላት፤ ትካዜያችንን አድማጭ፣ ብርጭቋችንን ሞይ። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የውቤ በረሃን ሌሊት በ«ሌቱም አይነጋልኝ» ሲጽፍ፣ የወደደው ይወደው የጠላው ይጥላው፣ ሴቶቹን ስም ያላቸው፣ የሚናደዱና የሚስቁ ሰዎች አድርጎ ነው። እኛ ከእርሱ የወረስነው መሸታውን ሆነና ሰዎቹን እዚያው ተውናቸው። ጠጅ ቤት ቅኔ አፍርቷል፤ አልክድም። ግን ቅኔው የፈለቀው ከጠጁ ነው ወይስ ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ ከመናገሩ? ቅኔ የሚዘረፍበት የአብነት ትምህርት ቤት በቆሎ ተማሪ ቁራሽ እንጂ በብርሌ አልቆመም። የሥነ ጽሑፋችን ህልውና የ19 ዓመት ልጅ ጠርሙስ በመግዛቱ ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ፣ ድሮውንም ሥነ ጽሑፍ አልነበረንም።

«ብታስወጧት የት ትወድቃለች?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ቀላል ጥያቄም አይደለም። እኔም ልጅቷ ትባረር አላልኩም። ሕጉ 15 ዓመት የሞላትን በቀን፣ በተወሰነ ሰዓት እንዳትሠራ አልከለከለም፤ ወጥ ቤት አለ፣ የቁርስና የምሳ መስተንግዶ አለ። የተከለከለው ሌሊቱ ነው። ቅጣቱም ከጉርሻዋ ላይ ሳይሆን ከባለቤቱ ኪስ መውጣት አለበት። ዕድሜ መጠየቅም የባለቤቱ ሥራ ይሁን፤ ባንኮኒው ላይ ገንዘብ የሚቀበለው እርሱ አይደለም? መልስ ሲሰጥ መታወቂያም ይጠይቅ። አራቱ ወጣቶች እርሱን «አንተ ራስህ ስንት ዓመትህ ነው?» ብለው ሲስቁበት ማየት እፈልጋለሁ።

ባንክ ውስጥ የሠራ ሰው በቅጽ ያምናል፤ ይህን እንደ ሙያ በሽታ ቁጠሩልኝ። የመጠጥ ቤት ንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል። ለማሳደስ የሚመጣ ባለቤት የግብር ወረቀቱን ይዞ ይቀርባል። ከዚያ ጋር የአስተናጋጆቹን ስም፣ የልደት ቀንና የሥራ ሰዓት የያዘ አንድ ገጽ ያያይዝ፤ ተቆጣጣሪውም ማታ ሲዞር ያንን ገጽ ይዞ ይግባ፤ ጠጪዎቹን ከመጠየቁ በፊት ትሪ የያዘችውን ከገጹ ጋር ያስተያይ። መስከረም 1 የተወለዱ ብዙ አስተናጋጆች እንደሚያገኝ ከወዲሁ አውቃለሁ። ቢሆንም የልጅቷ ስም በአንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ እስካሁን በግጥማችንም በመዝገባችንም አልሰፈረም።