የአገሩን ብር የማይቀበል መስኮት

«ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም።» ይህች ማስታወቂያ በየመሥሪያ ቤቱ የክፍያ መስኮት ላይ ተለጥፋ ማየት ከጀመርን ሰነባበትን። አንዳንዱ በማኅተም ያጸናታል፤ ሌላው በእስክሪፕቶ ጽፎ በፕላስተር ይለጥፋታል። ሰሞኑን በአንድ የመንግሥት ጤና ተቋም ውስጥ ያናደደኝ ግን ከማስታወቂያው ይልቅ የገንዘብ ያዧ መልስ ነው። ታማሚ ይዘው ከገጠር የመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ ብሩን ይዣለሁ እኮ» ቢሏት፣ «ማዘር፣ በካሽ ቀርቷል። አሁን ሁሉም ሰው ለምዶታል» አለቻቸው።

ማነው የለመደው? እኚያ እናት አለመልመዳቸውን በዓይኗ እያየች እንዴት «ሁሉም» ትላለች? ቃሉ የእሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። ከአለቆቿ የሰማችው ነው። በስብሰባ፣ በሪፖርትና በምረቃ ንግግር ሁሉ የሚደጋገመው ይኸው ነው፦ ጥሬ ገንዘብ ቀረ፣ ሕዝቡ ለመደ፣ ዘመንን።

እዚያው ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሴትየዋ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ያወጡትን ብር፣ ባለ መቶውን ከባለ ሃምሳው ለይተው፣ በመስኮቱ አሳልፈው አስቀምጠውት ነበር። ተገፍቶ ተመለሰላቸው። ከኋላቸው ያለው ሰልፈኛ ማጉረምረም ጀመረ። የጥበቃ ሠራተኛው አዝኖላቸው ወደ ውጭው በር አመለከታቸው። በሩ ላይ ሶፍትና የታሸገ ውኃ የሚሸጥ ወጣት አለ። «ስንት ነው የተባሉት?» አላቸው፤ ብሩን ተቀብሎ ቆጠረ፤ ስልኩን ነካክቶ ወደ ተቋሙ ሂሳብ ላከ፤ የመጣለትን የክፍያ ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጣቸው። 20 ብር ለራሱ አስቀረ። ሴትየዋ መርቀውት ተመለሱ። ከእሳቸው በኋላ ሌላ ሰው መጣ፤ ከዚያም ሌላ።

ታዲያ ጥሬ ገንዘቡ የት ቀረ? የትም አልቀረም። ከመስኮቱ ተባርሮ ወደ በሩ ወጣ፤ ያ ነው የሆነው። መስኮቱ ላይ በነበረበት ጊዜ የሚቆጥረው በኃላፊነት የሚጠየቅ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ደረሰኝ ይቆረጥለት ነበር፤ ማንም በላዩ ላይ 20 ብር አይጨምርበትም ነበር። በሩ ላይ ደረሰኝ የለም፣ ኃላፊነት የለም፣ ጭማሪ ግን አለ። ጭማሪውን የሚከፍለው ደግሞ ስልኩ ላይ ሦስት የባንክ መተግበሪያ የጫነው ሰው አይደለም። ከሁላችን የደኸየው ነው። ወጣቱን አልወቅሰውም፤ እሱ ባይኖር ሴትየዋ ታማሚያቸውን ይዘው ይመለሱ ነበር። የምወቅሰው ይህን ቀረጥ በድኻ ላይ ጥሎ፣ በዓመቱ መጨረሻ «የጥሬ ገንዘብ ክፍያን መቶ በመቶ አስቀርተናል» ብሎ ሪፖርት የሚያቀርበውን ኃላፊ ነው። ሪፖርቱ ሐሰት ነው። ብሩ ከግቢው በር ላይ በጠራራ ፀሐይ እየተቆጠረ ነው።

ከዚህ የሚብስም አለ። ባንኮች በየጊዜው «የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይንገሩ» እያሉ መልእክት ይልኩልናል። ተገቢ ምክር ነው። ነገር ግን ማንበብ የማይችል ሰው፣ ልጁ ያወጣለትን የሞባይል ባንክ ሂሳብ ይዞ፣ በጥሬ ገንዘብ አትከፍልም ሲባል ምን ያደርጋል? ስልኩንም የሚስጥር ቁጥሩንም አጠገቡ ላለ ለማያውቀው ሰው ይሰጣል። ሲሰጡ አይቻለሁ፤ እናንተም አይታችኋል። አራቱን ቁጥር ጮክ ብለው የሚናገሩ አሉ፤ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ። ነገ ያ ሂሳብ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ጥፋተኛ የሚባሉት እነሱ ናቸው፦ «ለምን ነገሩ?» ለምን እንዲነግሩ እንደተገደዱ የሚጠይቅ የለም።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር ብዙዎቻችን በደስታ ተቀብለነዋል። እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ፤ ማንም ግን አላስገደደኝም። ግዴታው ጎልቶ የመጣው በሚያዝያና በግንቦት 2015፣ ነዳጅ በመጀመሪያ በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በመላ አገሪቱ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ በተወሰነ ጊዜ ነው። ያኔ ኔትወርክ ሲጠፋ በየማደያው የተሰለፈውን መኪና እናስታውሳለን። ቢሆንም መኪና የሚነዳ ሰው ስልክ አያጣም ተብሎ ሊታለፍ ይችል ይሆናል። ያንኑ ትእዛዝ አንስቶ በሆስፒታል መስኮት ላይ መለጠፍ ግን ጭካኔ ነው። ታማሚ ስልክ ይዞ መታመም አለበት የሚል ሕግ የለም።

ለመሆኑ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያን ብር አልቀበልም የማለት መብት ከየት አገኘ? ብር የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ነው፤ የሚያሳትመውም ብሔራዊ ባንክ ነው። መስከረም 2013 የብር ኖቶች ሲቀየሩ የሆነውን እናስታውስ። «ያላችሁን ብር በሦስት ወር ውስጥ ወደ ባንክ አምጥታችሁ ቀይሩ» ተባለ። ገበሬው ከሞሰብ ሥርና ከግድግዳ ውስጥ ያኖረውን አውጥቶ፣ ቀን ሙሉ ተሰልፎ፣ አሮጌውን አስረክቦ አዲሱን ተቀበለ። ባለ 200 ብሩም ያኔ ነው የወጣው። መንግሥት «ገንዘብህ ይህ ነው፣ እመነው» ብሎ በእጁ ያስጨበጠውን ወረቀት፣ የዚያው መንግሥት መስኮት ዛሬ በጣቱ ገፍቶ ይመልስበታል። ይህን ሥልጣኔ ብሎ መጥራት ነውር ነው።

«ያለ ኢንተርኔትም በአጭር ቁጥር ይሠራል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ባትሪ፣ ኔትወርክና ማንበብ የሚችል ዓይን ካለ ይሠራል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። በትግራይ ደግሞ ከሰኔ 2013 መጨረሻ አንሥቶ አገልግሎቱ በከፊል መመለስ እስከጀመረበት እስከ ታኅሣሥ 2015 ድረስ ባንክም ስልክም አልነበረም። በባንክ ሺህዎች ያሉት ሰው የዳቦ መግዣ አጥቶ ተቀመጠ። እዚያ የነበረውን ሰው «ጥሬ ገንዘብ ያለፈበት ነገር ነው» ብላችሁ አስረዱት። ይህን ሁሉ ያየን ሰዎች ሆነን የመጨረሻውን መስኮት በገዛ እጃችን እንዴት እንዘጋለን?

ሲስተምም ይሳሳታል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን አገር ያውቀዋል። ደንበኞች በሂሳባቸው የሌለ ገንዘብ አወጡ፣ አስተላለፉ፤ ባንኩ በኋላ የጠቀሰው መጠን ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። በማግስቱ አገልግሎቱ በመላ አገሪቱ ለሰዓታት ቆመ። ገንዘቡን ባልመለሱት ላይ ባንኩ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን እስከማውጣት ሄደ። ገንዘቡን ማስመለሱ ትክክል ነበር። ስህተቱ በተራው ሰው ላይ ሲደርስስ? «ከእኔ ተቆርጧል፣ እነሱ ጋ ግን አልገባም» የሚለውን ቃል ያልተናገረ ወይም ያልሰማ ማን አለ? መልሱ «ይጠብቁ፣ ይመለሳል» ነው። ሕክምናው ግን አይጠብቅም። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ገንዘቡ ካልገባላት ካርድ አታወጣም፤ ታማሚው ተጨማሪ ብር በኪሱ ቢኖረውም አትቀበለውም።

ከእኛ እጅግ ቀድመው በካርድና በስልክ መክፈል የለመዱት አገሮች ምን እያደረጉ እንደሆነ እንይ። በኖርዌይ፣ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ሻጭ ከደንበኛው ጥሬ ገንዘብ የመቀበል ግዴታውን የሚያጠነክር ሕግ ሥራ ላይ ውሏል። ከወረቀት ገንዘብ ሊላቀቅ ጥቂት ቀርቶት የነበረው የስዊድን መንግሥት፣ ዜጎች ለክፉ ቀን በየቤታቸው ጥሬ ገንዘብ እንዲይዙ ይመክራል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 2025 በስፔንና በፖርቱጋል መብራት በጠፋበት ቀን፣ ምግብና ውኃ መግዛት የቻለው በኪሱ ሳንቲም የነበረው ሰው ነው። መብራት ለአንድ ቀን ቢጠፋባቸው የዓለም ዜና የሚሆንባቸው አገሮች እንዲህ ሲጠነቀቁ፣ መብራት በየሳምንቱ የሚጠፋብን እኛ በምን ልበ ሙሉነት ነው ወረቀቱን የምንጥለው?

በስልክ መክፈል ይስፋፋ፤ ይርከስ፤ ይፍጠን። ከፈለጋችሁ በስልክ ለሚከፍል ቅናሽ አድርጉ። ሰው የሚጠቅመውን ነገር ሳይገደድ ይለምዳል። ነገር ግን በጤና ጣቢያ፣ በሆስፒታል፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤትና በመንግሥት ትምህርት ቤት ቢያንስ አንድ መስኮት ብር ይቀበል። ብሔራዊ ባንክም ያሳተመውን ገንዘብ የመንግሥት ተቋም እምቢ ማለት እንደማይችል ግልጽ መመሪያ ያውጣ። ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ አንድ ገንዘብ ያዥ፣ አንድ ደረሰኝ፣ አንድ መሳቢያ ነው።

እናንተም፣ አንባቢዎች፣ ብራችሁ በመስኮት ተገፍቶ ሲመለስ ዝም ብላችሁ ስልካችሁን አታውጡ። በየትኛው ሕግ እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ስጡን በሉ። ከኋላችሁ የተሰለፈው ሰው ስልክ ላይኖረው ይችላል።