ጋሼ፣ ጄቱን ይተዉትና መጀመሪያ ቀርፋፋዋን ይግዙ

ዛሬ ስለ ደም ግፊት አላወራም። (ትንሽ ማውራቴ አይቀርም፤ ሐኪም ነኝና አያስችለኝም።) የማወራው ጡረታ ከወጡ በኋላ በሪሞት የሚበር አውሮፕላን ማብረር ስለሚያምራቸው አባቶችና እናቶች ነው። "እንዴ ዶክተር፣ ይሄ የልጆች መጫወቻ አይደል?" እንዳትሉኝ፤ አይደለም።

ፈቃዳቸውን ጠይቄ ስለ አንድ ታካሚዬ ልንገራችሁ። ያደጉት ደብረ ዘይት ነው፤ በልጅነታቸው የአየር ኃይሉ ጄቶች ሲነሱ ቆመው ያዩ ነበር። አሜሪካ መጥተው ዋሽንግተን አካባቢ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነዱና በ68 ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። ከዚያ በቃ፣ ሶፋና ዩቲዩብ። ክብደት ጨመሩ፣ ስኳራቸው ከፍ አለ፣ እንቅልፋቸው ተበላሸ። ልጆቻቸው አዝነው ጄት የሚመስል ፈጣን አውሮፕላን ገዙላቸው። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይበር ተከሰከሰ። በሚቀጥለው ቀጠሮ "ዶክተር፣ እጄም ዓይኔም አርጅቷል፤ ለኔ አይሆንም" አሉኝ።

እኔን ያናደደኝ የአውሮፕላኑ መሰበር አይደለም፣ ይህቺ ንግግር ናት። ያንን ጄት የ20 ዓመት ጎረምሳም በመጀመሪያ ቀኑ ይከሰክሰዋል። ጥፋቱ የዕድሜ ሳይሆን የምርጫ ነበር፤ ሰውየው ግን ወደ ሶፋቸው ተመለሱ።

ታዲያ ምን ይገዛ? ክንፉ ከላይ የተቀመጠ፣ ከፎም የተሠራ፣ ቀርፋፋ ማሰልጠኛ። እውነቱን ለመናገር መልኩ ብዙም አያምርም። ግን ክንፉ ከላይ ሲሆንና ጫፎቹ ትንሽ ወደ ላይ ሲቀኑ፣ አውሮፕላኑ ቢያጋድልም ወደ ቦታው የመመለስ ጠባይ አለው። ፎሙ ቢሰበር በሙጫ ይጠገናል። ኤሮስካውት ወይም አፕሬንቲስ የሚባሉትን ዓይነት ብትገዙ ደግሞ ውስጣቸው ጃይሮ አለ፤ ግራ ሲገባችሁ ጣታችሁን ስትለቁ ራሱን ያስተካክላል። (ማስታወቂያ አይደለም፤ ማንም አልከፈለኝም።) አንዳንድ ነባር አብራሪዎች ጃይሮ ማጭበርበር ነው ይላሉ። ከዘራ መያዝስ ማጭበርበር ነው? እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ጃይሮ ብቻ ሳይሆን የሪሞቱን ምላሽ ዝግ የሚያደርገውን ማስተካከያም እመክራለሁ።

መጠኑን በዓይናችሁ ምረጡ። ትንሿ ርካሽ ናት፤ ግን የዓይን ሞራ ለጀመረው ሰው ሰማይ ላይ ወዲያው ትጠፋለች። የክንፉ ርዝመት ከ1 ሜትር በላይ ይሁን፤ የላዩና የታቹ ቀለም ይለያይ። ለቅርብም ለሩቅም የሚሆን መነጽር የምታደርጉ፣ የሩቅ ብቻ የሆነ የፀሐይ መነጽር አሠሩ። አንገታችሁን ወደ ኋላ ጥላችሁ ስታዩ የሚያዞራችሁ ከሆነ ደግሞ በአናታችሁ ላይ ሳይሆን ራቅ አድርጋችሁ ከፊት ለፊታችሁ አብርሩ።

አውሮፕላኑ ወደ እናንተ ሲመጣ ቀኝና ግራ ይገለበጣል። ይሄ ወጣት ሽማግሌ ሳይል ሁሉንም ያደናግራል። እኔም አብሬያቸው ሄጄ ሞክሬ ዛፍ ላይ ሰቅዬዋለሁ! መላው ሪሞቱን ወደ ወረደው ክንፍ በኩል መግፋት ነው፤ እንደ ድጋፍ እንጨት አስቡት። ከመግዛታችሁ በፊት ኮምፒውተር ላይ በሲሙሌተር ጥቂት ሳምንት ተለማመዱ።

አሁን የሐኪሙ ቁጣ። ዋርፋሪን ወይም ሌላ የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ስሙኝ፤ ፕሮፔለር ጣት ይቆርጣል። ሪሞቱን መጀመሪያ አብሩ፣ ባትሪውን መጨረሻ ሰኩ፤ ስትጨርሱ ባትሪውን መጀመሪያ ንቀሉ። በእጅ ወርውሮ ማስነሳቱ ይቅርባችሁ፣ በጎማው ይነሳ። የሊቲየም ባትሪ ቻርጅ ላይ አድርጎ መተኛት የለም፤ ያበጠ ባትሪም አይሰካም።

ደግሞ ብቻችሁን አትጀምሩ። አሜሪካ ያላችሁ የሞዴል አውሮፕላን ክለብ ፈልጉ፤ አስተማሪው ሁለተኛ ሪሞት ይዞ ሲበላሽባችሁ ይረከባችኋል። ከ250 ግራም በላይ ከሆነ ኤፍ ኤ ኤ ጋ ይመዘገባል፣ ትረስት የሚባል ነፃ ፈተናም አለ። የዲሲ ሰዎች ልብ በሉ፤ ከሬገን ኤርፖርት ዙሪያ 15 ማይል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም እዚያ ውስጥ ናቸው። አገር ቤት ይዞ ለመግባት ያሰበ ደግሞ ቦሌ ከመድረሱ በፊት ፈቃድ ይጠይቅ።

ታካሚዬ ጄቱን ለልጅ ልጃቸው ግድግዳ ማስጌጫ ሰጡና ቀርፋፋዋን ገዙ። ስኳራቸው በአውሮፕላን ዳነ አልላችሁም፤ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ። ባለፈው ሳምንት ግን ደውለው የቅዳሜ ጠዋት ቀጠሯቸውን ቀይርልኝ አሉኝ። "ምነው ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?" ስላቸው፣ "ኧረ ደህና ነኝ፣ ቅዳሜ ነፋስ የለም ተብሏል" አሉኝ።