ፎርጂዱን ማን ይገዛል?

ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 እኩለ ቀን ላይ የጀርመን ምክር ቤት፣ ቡንደስታግ፣ በናዚዎች ያለቁትን ለመዘከር ተሰብስቦ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ከጭፍጨፋው የተረፉት የኦዴሳው አዛውንት ሮማን ሽቫርትስማን ንግግር አደረጉ። በዚያው ቀን አመሻሽ፣ በዚያው አዳራሽ፣ የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ፍሪድሪኽ ሜርስ ጥገኝነት ጠያቂዎች ከድንበር እንዲመለሱ የሚጠይቅ የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ። በ348 ድጋፍና በ345 ተቃውሞ አለፈ። ያለ «አማራጭ ለጀርመን» ፓርቲ ድምፅ ባላለፈም ነበር። የዚህ ቀኝ አክራሪ ፓርቲ ድምፅ በቡንደስታግ ለአንድ ውሳኔ አብላጫ ሲያስገኝ የመጀመሪያው ነው። ሜርስ ከሁለት ወር ተኩል በፊት እዚያው ቆመው ከፓርቲው ጋር ተደርቦ የሚገኝ አብላጫ እንደማይሹ ተናግረው ነበር።

ውሳኔው አስገዳጅ እንኳ አልነበረም። ከሁለት ቀን በኋላ የቀረበው እውነተኛው የሕግ ረቂቅ ደግሞ ወደቀ። ጀርመኖች ከአክራሪው ጋር በምንም አንተባበርም ለማለት «የእሳት ግንብ» የሚሉት አጥር የተነደለው እንግዲህ ለአንድ ወረቀት ነው።

ሜርስ ሞኝ ሰው አይደሉም። ያንን ያደረጉት ዛሬ ከበርሊን እስከ ለንደን፣ ከፓሪስ እስከ ስቶክሆልም ቤተ መንግሥቱን ሁሉ የያዘ አንድ እምነት ስላላቸው ነው፦ ሕዝቡ ወደ አክራሪው የሄደው ስደተኛ በዝቶበት ነው፤ እኛው በስደተኛ ላይ ከጠነከርን ይመለስልናል። ሐሳቡ ሲሰሙት ልብ ያሳርፋል። ለግራውም ለቀኙም ይመቻል፤ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማንንም ባለሀብት አያስቀይምም። ችግሩ አለመሥራቱ ነው። አለመሥራቱም ከሠላሳ ዓመት በላይ የታየ ነገር ነው።

ከቁጥሩ እንጀምር። «አማራጭ ለጀርመን» በ2013 ሲመሠረት ጸቡ ከዩሮ ጋር እንጂ ከስደተኛ ጋር አልነበረም። የፊት መሪው ቤርንት ሉከ የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ነበሩ። በዚያ ዓመት ምርጫ 4.7 በመቶ አግኝቶ ለጥቂት ከምክር ቤት ውጪ ቀረ። 890 ሺህ ገደማ ጥገኝነት ጠያቂ ጀርመን ከገባበት ከ2015 በኋላ፣ በ2017 ምርጫ 12.6 በመቶ አገኘ። ሜርስ በ2018 ለፓርቲያቸው መሪነት ሲወዳደሩ ይህንን ፓርቲ በግማሽ እንደሚቀንሱት ቃል ገቡ። በፌብሩዋሪ 23 ቀን 2025፣ ያ ወረቀት ካለፈ አንድ ወር ሳይሞላ፣ ፓርቲው 20.8 በመቶ አግኝቶ በአገሪቱ ሁለተኛው ትልቅ ኃይል ሆነ። ሜርስ በ28.5 በመቶ መራሔ መንግሥት ሆኑ። ግማሹ ግን የት አለ?

«ስደተኛው ስላልቀነሰ ነው» የሚል ይኖራል። ቀንሷል እኮ! የመጀመሪያ የጥገኝነት ማመልከቻ በ2023 ከ329 ሺህ በላይ ነበር፤ በ2024 ወደ 230 ሺህ ወረደ። በዚህ መካከል የሶሻል ዴሞክራቱ መራሔ መንግሥት ኦላፍ ሾልስ ሰዎችን በብዛት እናባርራለን ብለው ለ«ዴር ሽፒግል» መጽሔት ቃለ መጠይቅ ሰጡ፤ በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ በሁሉም የየብስ ድንበሮች ላይ ቁጥጥር ዘረጉ። ለዚህ የተከፈላቸው 16.4 በመቶ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ፓርቲያቸው በፌዴራል ምርጫ ያገኘው ዝቅተኛ ውጤት። በ2025 የአመልካቹ ቁጥር ይበልጥ ሲያሽቆለቁል «አማራጭ ለጀርመን» በአንዳንድ የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች አንደኛ ወጣ። የስደተኛው ቁጥርና የፓርቲው ድምፅ አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ቢሆኑ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ለእኔ ግን ከቁጥሩ ሁሉ የሚከብደው የ1993ቱ ታሪክ ነው። ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሐዱ በኋላ ስደተኛ ብዙ መጣ። በኦገስት 1992 በሮስቶክ ሊኽተንሃገን መንጋ ለቀናት የስደተኞችንና የቬትናም ሠራተኞችን መኖሪያ ከበበ፣ በእሳት አነደደ፤ ጎረቤት ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። በኖቬምበር በሞልን ከተማ ሦስት የቱርክ ተወላጆች ተቃጥለው ሞቱ። ፖለቲከኞቹ ከዚህ ምን ተማሩ? ቁጣውን ለማብረድ ጥገኝነትን መገደብ አለብን አሉ። ሶሻል ዴሞክራቶቹም ተስማሙና በሜይ 26 ቀን 1993 ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ፤ በየብስ ደኅንነቱ በተረጋገጠ አገር አቋርጦ የመጣ ሰው የጥገኝነት መብቱን አጣ። የጀርመን ጎረቤቶች ሁሉ በዚያ ስም ይጠራሉና በእግርም በመኪናም የመጣ ሁሉ ተዘጋበት ማለት ነው። የፈለጉትን ሁሉ አገኙ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በሜይ 29፣ በዞሊንገን የአንድ ቱርክ ቤተሰብ መኖሪያ ሌሊት ተቃጠለና አምስት ሴቶችና ሕፃናት አለቁ። ሕጉ ቃጠሎውን አላበረደም። ለአቃጣዩ የነገረው ነገር ቢኖር ከክብሪቱ በስተኋላ ያለው ሐሳብ በምክር ቤት አብላጫ እንዳለው ነው።

በባየርን ግዛትም በ2018 ይኸው ተደገመ። የግዛቱ ገዥ ፓርቲ ሰዎች በዚያ በጋ «የጥገኝነት ቱሪዝም» የሚል ቃል በአደባባይ ለቀቁ፤ በኦክቶበር ከ47.7 በመቶ ወደ 37.2 ወረዱ፤ አክራሪው በ10.2 በመቶ ገባ። እነሱ በገዛ አፋቸው የቀኑ ዋና ጉዳይ ስደተኛ ነው ካሉ፣ መራጩ ከዚህ ሌላ ጉዳይ ወደሌለው ፓርቲ ቢሄድ ምን ይገርማል? መርካቶ ኦሪጅናሉ በዚያው ዋጋ ተሰቅሎ ሳለ ፎርጂዱን የሚገዛ ሰው አላየሁም።

ታሪቅ አቡ ሻዲ፣ ዴኒስ ኮኸንና ቨርነር ክራውዘ የተባሉ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራን በምዕራብ አውሮፓ ከ1976 እስከ 2017 የተደረጉ ምርጫዎችን መርምረው ያገኙትም ይህንኑ ነው፦ መሐል ያሉት ፓርቲዎች የአክራሪውን አቋም መውሰዳቸው ድምፁን እንደሚቀንስ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። አንዳንዴ እንዲያውም መራጮች ወደ አክራሪው ይሻገራሉ።

እዚህ ላይ «ዴንማርክስ?» የሚል ሁልጊዜ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፀረ ስደተኛው የዴንማርክ ሕዝብ ፓርቲ በ2015 21.1 በመቶ ነበረው፤ ሜተ ፍሬደሪክሰን ሶሻል ዴሞክራቶቹን በስደተኛ ላይ አጠንክረው በ2019 ሥልጣን ሲይዙ ወደ 8.7 ወረደ፤ በ2022 2.6 ብቻ ቀረው። ግን የራሳቸው የፍሬደሪክሰን ፓርቲ ድምፅ በ2019 ከ26.3 ወደ 25.9 ነው የሄደው፤ ያ ሁሉ የሸሸ መራጭ ወደ እሳቸው ሄዶ ቢሆን ይህ አይሆንም። በ2022 ደግሞ የዴንማርክ ዴሞክራቶችና አዲስ ቀኝ የተባሉትን ሌሎች ሁለት ፀረ ስደተኛ ፓርቲዎች ከዚያ 2.6 ጋር ብንደምር 14.4 በመቶ እናገኛለን። ወዲያውም የቀድሞው ፓርቲ መክሰም የፍሬደሪክሰን ብልሃት ብቻ አይደለም፤ የውስጥ ሽኩቻና የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ቅሌት ነበረበት። ፓርቲው ከሰመ፤ ፕሮግራሙ ግን ሕግ ሆኖ ቀረ። ከስደተኛ ላይ ጌጣጌጥ የሚቀማው ደንብ፣ የ«ጌቶ» ሰፈር ሕጉ፣ ስደተኛን ከአውሮፓ ውጪ አስቀምጦ ማመልከቻውን የማየት ዕቅዱ... ይህ አክራሪውን ማሸነፍ ከሆነ መሸነፍ ምን ሊባል ነው?

በራሱ በ«አማራጭ ለጀርመን» ውስጥም ያለው ታሪክ ሌላ አይነግርም። ሉከ አክራሪዎቹን ታግሠው አብረዋቸው ሊጓዙ ሞከሩ፤ በ2015 ኤሰን ከተማ ላይ በፍራውከ ፔትሪ ተገለበጡ። ፔትሪ በአክራሪዎቹ ጫንቃ ወጥተው በ2017 ከምርጫው ማግስት ጥለው ሄዱ። ተባባሪ መሪ የነበሩት የርግ ሞይተን በ2022 ለቀቁ። የሦስቱንም መንበር ሲጋፋ የነበረው የቱሪንገኑ ብዮርን ሆከ ግን አለ፤ የናዚ ወሮበሎችን መፈክር በመናገሩ በ2024 ፍርድ ቤት ገንዘብ ቀጥቶታል፤ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር በ32.8 በመቶ ግዛቱን በአንደኝነት አሸነፈ። ለጽንፈኛ አንድ እርምጃ የሸሸ ቀጥሎ ሁለት ይጠየቃል።

ስደተኛ መገደብን የሚፈልግ ሁሉ ዘረኛ ነው እያልኩ አይደለም። በ2023 መኖሪያና መምህር አጥተው የተጨነቁ የጀርመን ማዘጋጃ ቤቶች ጭንቀታቸው የእውነት ነበር። በጃንዋሪ 2025 በአሻፈንቡርግ መናፈሻ ውስጥ የሁለት ዓመት ሕፃንና አንድ ሰው ጥገኝነት ጠይቆ በነበረ ሰው በስለት ሲገደሉ የተቆጣ ወላጅም ሊሰደብ አይገባም። ገዳይ በሕግ ይጠየቅ፤ ማመልከቻ በፍጥነት ይወሰን። ግን በፌብሩዋሪ 2025ቱ ምርጫ «አማራጭ ለጀርመን» አንደኛ የወጣባቸውን ሁለት የምዕራብ ከተሞች እዩ፦ ጌልዘንኪርኽን እና ካይዘርስላውተርን። የመጀመሪያው የድንጋይ ከሰል ማዕድኑ የተዘጋበት ነው። በምሥራቅም ከበርሊን በቀር አምስቱንም ግዛቶች ወስዷል፤ ከበርሊን ግንብ መፍረስ በኋላ ፋብሪካቸው የተሸጠ ወይም የተዘጋ፣ ወጣቱ ወደ ምዕራብ የፈለሰ፣ የውጭ ዜጋ ቁጥሩም ከምዕራቡ እጅግ ያነሰ ግዛቶች ናቸው። ስለ ኪራይ፣ ስለ ባቡር፣ ስለ ተዘጋው ሆስፒታል የሚነግራቸው ሲጠፋ ስለ ሶርያዊው የሚነግራቸው ሰው አይጠፋም። የመሐሉ ፖለቲከኛ ስለ ሶርያዊው እየደጋገመ ሲያወራ ደግሞ ለኪራዩ መልስ እንደሌለው እያመነ ነው።

አሁን ወደ እኛው ሰዎች። በፍራንክፈርትም በኮሎኝም «እኛ ሠርተን ግብር የምንከፍል ነን፤ የሚያባርሩት አጭበርባሪውን ነው፤ ደግ አደረጉ» የሚል ሐበሻ እየበዛ ነው። በደርግ ዘመን ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የገቡት በ1993 በተቆረጠው በዚያው የጥገኝነት መብት መሆኑን ልብ ይሏል። የዛሬው «አማራጭ ለጀርመን» ፓርቲም እነሱ እንደሚሉት ሕጋዊና ሕገ ወጥ እየለየ አያቆምም። በጃንዋሪ 2025 ሪዛ ከተማ ላይ «ሪሚግሬሽን» የሚለውን፣ የውጭ ሰዎችን በብዛት ወደ አገራቸው የመመለስ ዕቅድ፣ በምርጫ ፕሮግራሙ ጻፈ። የቃሉ ዋና ሰባኪ ኦስትሪያዊው ማርቲን ዜልነር ነው፤ የጀርመን ፌዴራል አስተዳደር ፍርድ ቤት በጁን 2025 እንዳለው የዚህ ሰው ሐሳብ የውጭ ዝርያ ያላቸውን ጀርመናውያን ሁለተኛ ደረጃ ዜጋ ያደርጋል። ፓስፖርት የያዙትን ማለት ነው።

ስለዚህ የጀርመን ፓስፖርት ያላችሁ ሁሉ የምርጫ ደብዳቤው ሲመጣ ከማስታወቂያ ወረቀቱ ጋር አትጣሉት። ሂዱና ምረጡ። እጩው እጃችሁን ሊጨብጥ ሲመጣም ስለ ስደተኛ ምን እንደሚል አስቀድማችሁ አትጠይቁት፤ ኪራዬን ምን ታደርግልኛለህ በሉት።