የግጭት ጥገና ወጪ መናርና የመድን ሽፋን ክፍተት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ደብረ ሲና ከጣርማበር ዋሻ ግርጌ የተቆረቆረች ከተማ ናት። መንገዱ ከዋሻው ወጥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ ሲወርድ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ጉም፣ ጠመዝማዛና ረጅም ቁልቁለት በሚፈራረቁበት በዚህ መስመር ፍሬን በመጋል ሊዳከም ስለሚችል የግጭት ስጋቱ ከፍተኛ ነው።

ግጭቱ የሰው ሕይወት ሳይጠፋበት ቢያልፍ እንኳ ባለንብረቱን የሚጠብቀው የጥገና ሂሳብ ቀላል አይደለም። በግጭት ቀድመው የሚጎዱት ኮፈን፣ ፓራውልትና የፊት መብራት በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ተገዝተው የሚገቡ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ግን ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚህ ስሌት 200 ዶላር የሚያወጣ መብራት፣ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይታከልበት፣ ከ11 ሺህ 400 ብር ተነስቶ ከ20 ሺህ ብር በላይ ደርሷል ማለት ነው። የመጎተቻ፣ የላሜራ ቅጥቀጣና የቀለም ዋጋ ሲጨመርበት ሸክሙ ይበልጥ ይከብዳል።

ሙሉ መድን የገባ ባለንብረትም ከስጋት ነፃ አይደለም። ተሽከርካሪው በቀድሞ ዋጋው ተመዝግቦ ከቆየ መድን ሰጪው የሚከፍለው በተመጣጣኝ ድርሻ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ የገበያ ዋጋው 2 ሚሊዮን ብር የሆነ መኪና በ1 ሚሊዮን ብር መድን ተገብቶለት 400 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ በዚህ ስሌት የሚከፈለው 200 ሺህ ብር ነው። ቀሪው ከባለንብረቱ ኪስ ይወጣል።

ሌላው ክፍተት በሦስተኛ ወገን በኩል የሚታየው ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለንብረት ጉዳት የተቀመጠው የካሳ ጣሪያ 100 ሺህ ብር ነበር። በሌላ በኩል የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ፣ አደጋው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ካልተረጋገጠ በስተቀር፣ የጠቅላላው ጉዳት ግማሽ በእያንዳንዱ ባለንብረት ላይ እንዲያርፍ ይደነግጋል። ስለዚህ ጠቅላላ ጉዳቱ 600 ሺህ ብር ቢሆን፣ የራሱ መኪና ጉዳት 50 ሺህ ብር ብቻ የሆነ ባለንብረት እንኳ የራሱን ጉዳት ጨምሮ 300 ሺህ ብር ሊሸከም ይችላል። በአንድ መለስተኛ የጭነት መኪና ለሚተዳደር ቤተሰብ ይህ መተዳደሪያን የሚያሳጣ ዕዳ ነው።

በመሆኑም ባለንብረቶች ውላቸውን በሚያድሱበት ጊዜ ሁሉ የተሽከርካሪያቸውን ወቅታዊ ዋጋ ማስገመትና የሦስተኛ ወገን ሽፋናቸውን ከአስገዳጁ ወለል በላይ ማሳደግ ይጠበቅባቸዋል። መድን ሰጪዎችም የዋጋ ለውጡን ለደንበኞቻቸው አስቀድመው ሊያሳውቁ ይገባል። አሽከርካሪዎች ደግሞ ከጣርማበር ቁልቁል ሲወርዱ በፍሬን ብቻ ሳይተማመኑ በከባድ ማርሽ መጓዝ ይኖርባቸዋል። ከማናቸውም ጥገና የሚረክሰው ያልደረሰ ግጭት ነውና።