ልጅ የማያድግበት ከተማ

በዚህ ገጽ ስለ ጎልፍ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። በልጅነቴ የማውቀው የዱላና የኳስ ጨዋታ ገና ነው፤ በገና ደግሞ ሎሌ ጌታውን በሩር ቢመታው ቁጣ የለም። በጎልፍ ግን ሰው ኳሱን ሊመታ ሲያነጣጥር አጠገቡ ማሳል እንኳ ነውር መሆኑን የተማርኩት በቅርቡ፣ ፊኒክስ አሪዞና በሄድኩ ጊዜ ነው። ለብዙ ዓመታት አብሮኝ ሠርቶ ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ ወዳጄ «ና፣ አንድ ዙር እንጫወት» ብሎ ወደሚኖርበት ወደ ሰን ሲቲ ወሰደኝ።

ሰን ሲቲን የቆረቆረው ዴል ዌብ የተባለ የሥራ ተቋራጭ ነው። በጥጥ እርሻ ላይ ለጡረተኞች ብቻ የሚሆን ከተማ ሠርቶ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 በሩን ሲከፍት ቤት ለማየት የጎረፈው ሕዝብ የአገሬውን ጋዜጦች አስገርሞ ነበር። ሰውዬው ብልህ ነበር፤ ቤቶቹ ከመሸጣቸው በፊት የጎልፍ ሜዳውን፣ የመዋኛ ገንዳውንና የገበያ ማዕከሉን አጠናቆ አሳየ። የሸጠው ቤት ሳይሆን የእርጅናን አዲስ ትርጉም ነበር ማለት ይቻላል።

አራት ሆነን ተጫወትን። ከመካከላችን የ81 ዓመት አዛውንት የሆኑ የቀድሞ አስተማሪ ነበሩ። ከቤታቸው የመጡት ትንሿን የጎልፍ መኪና በአስፋልቱ ላይ ራሳቸው እየነዱ ነው። የእርሳቸው ኳስ ሩቅ አይሄድም፤ ግን እንደ ገመድ ቀጥ ይላል። የእኔ ሩቅ ሄዶ ከአንድ ቤት ጓሮ፣ ከብርቱካን ዛፍ ሥር ወደቀ። የመጀመሪያውን ቀዳዳ በዘጠኝ ምት ጨረስኩ።

በእንዲህ ያለ የወዳጅነት ጨዋታ ዳኛ የለም። እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደመታ ራሱ ቆጥሮ ራሱ ይመዘግባል። የአገሬ ሰው ነኝና ወዲያው ትዝ ያለኝ ምርጫ ነው። በ2007 ዓ.ም. ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ መቀመጫ ጠቅልለው ሲወስዱ፣ አስቆጣሪውና አሸናፊው ምን ያህል ይራራቁ እንደነበር አንባቢ አይስተውም። እኒህ ሴት ግን አሸዋው ጉድጓድ ውስጥ ማንም ሳያያቸው የሳቱትን ምት ጭምር ቆጥረው «ሰባት» ብለው ጻፉ።

ስድስተኛው ቀዳዳ ላይ ስንደርስ አንድ ነገር እንደጎደለ ተሰማኝ። የሕፃን ድምፅ የለም። ብስክሌት የለም፣ ኳስ የሚያሳድድ ልጅ የለም። «ትምህርት ቤቱ ወዴት ነው?» ብዬ አስተማሪዋን ጠየቅኋቸው። ሳቁ። «ሠላሳ ዓመት ከልጆች ጋር ኖርኩ፤ ይበቃኛል» አሉኝ።

ነገሩ ግን በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። በሰን ሲቲ ልጅ ለጉብኝት ይመጣል እንጂ አይኖርም። የአሜሪካ የቤቶች ሕግ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሻሻል ልጅ ያላቸውን ቤተሰቦች ከመኖሪያ ማግለልን ከልክሏል፤ ነገር ግን ከመቶ ቢያንስ 80 በሆኑት ቤቶች ውስጥ 55 ዓመት የሞላው ሰው ለሚኖርባቸው እንዲህ ላሉ መንደሮች በሩን ክፍት ተወ። የሰን ሲቲ ጡረተኞችም በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት በፒዮሪያ የትምህርት ወረዳ የሚቀርቡትን የትምህርት ቤት ማሠሪያ የብድር ሐሳቦች በድምፃቸው ደጋግመው ጣሉ፤ በመጨረሻም ወረዳው ሰን ሲቲን ከክልሉ አወጣ። የራሱን ልጆች ያስተማረ ትውልድ ለሌላው ልጅ ጥቁር ሰሌዳ አልከፍልም ማለቱ ነው። ይህን የማኅበራዊ ውል መፍረስ ብዬ እጠራዋለሁ፤ ሜዳው የቱንም ያህል ቢያምር ሐሳቤን አልለውጥም።

ይህን ብዬ በኩራት ብጨርስ ደስ ባለኝ። «እኛ ግን አረጋዊን እናከብራለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያስቆመኝ የእናቴ መልክ ነው።

እናቴን ከአዲስ አበባ ወደ ቨርጂኒያ ያመጣናት የልጅ ልጆቿን እንድትጠብቅልን ነው። ልጆቹ አድገው ትምህርት ቤት ገቡ። ቋንቋ የላትም፣ መኪና አትነዳም፣ ከሰፈራችን አውቶቡስ አያልፍም። እኔና ባለቤቴ ጠዋት ወጥተን ማታ እንገባለን። «ልጄ፣ ምንጣፍ ያለው እስር ቤት ነው የሰጣችሁኝ» ያለችኝ ቀን ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር። የእኛ አክብሮት ከወንበር ተነሥቶ ማስቀመጥ ነው፤ ከተቀመጡ በኋላ ማን ያነጋግራቸው እንደሆነ አንጠይቅም። ባለ ጎልፏ ሴት ጎረቤት አላቸው፣ የሚሰበሰቡበት ማኅበር አላቸው፣ ፖለቲከኛ የሚፈራው ድምፅ አላቸው። እናቴ መስኮት አላት።

የእናቴ ጉዳይ የእኔ ቤት ብቻ አይደለም። ከ1980 የስደተኞች ሕግ ወዲህ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ገብቶ ታክሲ የነዳው፣ መኪና ማቆሚያ የጠበቀው የመጀመሪያው ትውልዳችን ጡረታ ላይ ነው። ያዘጋጀንለት ምንድን ነው? ዕድር አለን፤ ዕድሩ ግን የተደራጀው ለመቅበር ነው። አዳራሾች ሠርተናል፤ የማውቀው አዳራሽ ከሰኞ እስከ ዓርብ ተቆልፎ ይውላል። ቁልፉን አውጥተን፣ ከዕድሩ ገንዘብ ጥቂቱን ለቫን ነጂ ከፍለን፣ አረጋውያኑን ጠዋት ብንሰበስባቸውስ? ከሰዓት ደግሞ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ፊደሉን ከእነርሱ ይቁጠሩ። ዴል ዌብ ልጆችን ካስወጣበት ከተማ መኮረጅ ያለብን ሜዳውን ነው፤ አጥሩን እዚያው እንተውላቸው። በሚቀጥለው የዕድራችን ስብሰባ ላይ ሐሳቡን አቀርባለሁ፤ «ገንዘቡ የሬሳ ነው» የሚሉኝ አባላት እንዳሉ ከወዲሁ ዐውቃለሁ።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። ጎልፍ ምን እንደሆነ በገና አስመስዬ ነገርኳት።

«ማን አሸነፈ?»

«የ81 ዓመት አስተማሪ።»

«እኔን በስድስት ዓመት ይበልጡኛል ማለት ነው። እዚያ ማን አመጣቸው?»

«ራሳቸው ነድተው መጡ።»

ዝም አለች። ስለ ልጆቹ ጠየቅኋት፣ ስለ ጉልበቷም ጠየቅኋት፤ ሁሉንም ባጭሩ መለሰችልኝ። ስልኩን ልዘጋ ስል ግን «ቆይ እስቲ፣» አለችኝ፣ «ሴትዮዋ መኪናውን ራሳቸው ነው የሚነዱት?»